ከሜክሲኮ አደባባይ ለቱክስትላ ጉቲየሬዝ የዝንብ ማምረቻ ሠራተኞች

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በአገራችሁ ስም ከሚጠራው ሰፈር ነው። ጠዋት ሜክሲኮ አደባባይ የሚወርድ ሰው ሁሉ የታክሲ ረዳቶች የአገራችሁን ስም እየደጋገሙ ሲጣሩ ይሰማል። በአንድ በኩል ሰንጋ ተራ ነው፤ በሌላ በኩል መንገዱ ወደ ቄራ ይወርዳል። ሥጋ ቤቶቹ ከማለዳ ጀምሮ ክፍት ናቸው፤ ዳቢቱና ሽንጡ ተሰቅሎ ደንበኛ ይጠብቃል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን በቆላ ከብት መካከል አሳልፌ፣ አሁን በጡረታ እዚሁ ሰፈር እኖራለሁ። በዚህ አደባባይ ከሚመላለሰው ሕዝብ መካከል የእናንተን ሥራ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ምስጋናውን የማደርስላችሁ እኔ ልሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

የማመሰግናችሁ አገሬ ላይ ስላልደረሰ ነገር ነው። ያልደረሰ ነገር ሐውልት አይቆምለትም፤ በዓልም አይከበርለትም። ለማመስገን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ዓመታቱን በእናንተው አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እልበታለሁ።

እናንተ «ጉሳኖ ባሬናዶር» የምትሉትን፣ በእንግሊዝኛ ስክሪውወርም የሚባለውን ተባይ የእኛ ገበሬ አያውቀውም። ይህን ደብዳቤ የአገሬም ሰው ያነበዋልና ጥቂት ላስረዳ፤ እናንተ ታገሡኝ። ቁስል ሲተላ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። በአፍሪካም የዚህች ዝንብ ዘመድ የሆነች አለች። የአሜሪካዋ በባሕርይዋ ክፉ ናት። የምትፈልገው ሕያው ሥጋ ነው፤ የበሰበሰ ነገር አይስባትም። መዥገር የነከሰው ቦታ፣ እሾህ የቧጨረው ቆዳ፣ ገና ያልደረቀ የጥጃ እትብት ይበቃታል። በቁስሉ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት መቶ በላይ እንቁላል ትደረድራለች። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ትሎቹ ራሳቸውን ወደ ሥጋው ቀብረው እየቦረቦሩ ይገባሉ። ቁስሉ እየሰፋ ሲሄድ ሽታው ሌሎች ዝንቦችን ይጠራል። ካልታከመ ትልቅ በሬም ቢሆን በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ሰውንም አትምርም።

ይህች ዝንብ በ1988 ከአሜሪካ አህጉር በተጫኑ እንስሳት ሳቢያ ሊቢያ ገባች። ከዚያ በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ ሥር ሰዳ አታውቅም ነበር። በ1990 ብቻ ከ12 ሺህ በላይ እንስሳት ተተሉ። ያን ጊዜ ካርታ ዘርግቶ ያየ የእንስሳት ሐኪም ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፦ ከሊቢያ ቀጥሎ ግብፅ፣ ቻድና ሱዳን፤ ከሱዳን ቀጥሎ መተማና ሁመራ። በረሃውን ዝንቧ ራሷ ባትሻገረው፣ ቁስል ተሸክሞ የሚነዳ ከብትና ግመል ያሻግራታል። የከብት ንግድ ድንበር አያግደውም።

መፍትሔው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነበር። ማምረቻችሁ በቱክስትላ ጉቲየሬዝ አጠገብ፣ በቺያፓስ ግዛት፣ በ1976 ሥራ የጀመረ የሜክሲኮና የአሜሪካ መንግሥታት የጋራ ንብረት ነበር። በሳምንት 500 ሚሊዮን ዝንብ የማምረት አቅም ነበረው። ያን ያህል ማምረት የሚችል ሌላ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም። ትሉን በደምና በወተት ዱቄት ትቀልቡት ነበር፤ ሙሽሬ ሲሆን በጨረር ታመክኑት ነበር፤ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር መካን ወንድ አየር ላይ ትለቁ ነበር። የዱሯ ሴት በዕድሜዋ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ አንድ ጊዜ ከመካኑ ጋር ከሆነ የምትጥለው እንቁላል ሁሉ ባዶ ይቀራል። ያ የደምና የወተት ምግብ ትል ሲያፈላበት አፍንጫን የሚሰነጥቅ ሽታ እንዳለው አውቃለሁ። በዚያ ሽታ ውስጥ በፈረቃ ቆማችሁ፣ አንዲት ለም ዝንብ እንዳታመልጥ እየጠበቃችሁ ስትሠሩ፣ ምርታችሁ አፍሪካ ምድር ላይ ይራገፋል ብሎ ያሰበ ከመካከላችሁ አልነበረም ይሆናል።

አሜሪካ ትሪፖሊን በአውሮፕላን ከደበደበች ገና አራት ዓመት አልፎ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በጠላትነት ይተያዩ ነበር። እንዲያም ሆኖ አሜሪካ የጋራ ባለቤት የሆነችበት ማምረቻ ለሊቢያ ዝንብ እንዲልክ ተፈቀደ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባበረ፤ ገንዘብ ከብዙ መንግሥታት ተዋጣ። በዲሴምበር 1990 የመጀመሪያዎቹ የዝንብ ካርቶኖች አትላንቲክን ተሻግረው ትሪፖሊ ገቡ። ከጥቂት ሚሊዮን ተነስታችሁ በሳምንት ወደ 40 ሚሊዮን አደረሳችሁት። በጠቅላላው 1.3 ቢሊዮን ገደማ ዝንብ ሄደ። የመጨረሻው የተተላ እንስሳ የታየው በኤፕሪል 1991 ነው። በጁን 1992 ሰሜን አፍሪካ ከዝንቧ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ የምታዳምጠው የጦር ግንባር ወሬ ነበር። ሊቢያ ውስጥ የመጨረሻው በሽተኛ እንስሳ በታየ በወሩ ገደማ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ከተማዋ በኢሕአዴግ ሠራዊት እጅ ገባች። ዝንቧ በዚያ ዓመት መተማ ደርሳ ቢሆን ኖሮ ማን ይቀበላት ነበር? በመፍረስ ላይ ያለ መንግሥት ለዝንብ አውሮፕላን ይመድብ ነበር? ክትባት እንኳ ከከተማ በማይወጣበት ጊዜ እያንዳንዱን ቁስል ማን ያጥብ ነበር? በሥራዬ ላይ ሆኜ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣብኝ ነበር፤ በተለይ ጥጃ ሲወለድ ባየሁ ቁጥር። ቆላ ላይ ላም የምትወልደው ግጦሽ ላይ ነው። እረኛው እርጥቡን ጥጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ ማታ በረት ያደርሰዋል። እትብቱ ደርቆ እስኪወድቅ ቀናት ይፈጃል፤ በእነዚያ ቀናት አዮዲን የሚቀባው የለም። የሚያስፈልገውም አይመስልም፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። አርብቶ አደሩ ደግሞ የከብቱን ጆሮ ይሸነትራል፤ ቆዳውን በብረት ይተኩሳል። ይህ ሁሉ ለዘመናት ያለ ጉዳት ሲሠራበት የኖረ ልማድ ለስክሪውወርም የተዘረጋ ማዕድ ይሆን ነበር። ዛሬ አገሬ ከ60 ሚሊዮን በላይ የዳልጋ ከብት አላት፤ በአፍሪካ አንደኛ ናት። የዚህ ሁሉ ከብት እረኛ የእናንተ ባለዕዳ ነው።

ተባይ አንዴ ከገባና ከተደላደለ በኋላ ምን እንደሚመስል የማውቀው በሌላ ዝንብ ነው። የእኛ መከራ የቆላ ዝንብ ናት፤ ፄፄ የምትባለው። ቁስል አትፈልግም፤ ደም ትመጥጣለች፤ ስትመጥጥም ገንዲ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በአባይ፣ በዴዴሳ፣ በባሮና አኮቦ፣ በጊቤና በኦሞ ሸለቆዎች ተንሰራፍታለች። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትሄዱ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መንገዱ ጠመዝማዛ እየሠራ ወደ ጊቤ ይወርዳል። መሬቱ ጥቁርና ለም፣ ሣሩ ወገብ የሚደርስ ነው፤ ነገር ግን በገንዲ ምክንያት ገበሬ ጥሎት የሄደበት ዘመን ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ ሣር ቢረዝም ምን ያደርግለታል?

እዚያ የምንሠራውን ላሳያችሁ። ገበሬው በሬውን ይዞ ይመጣል። ፀጉሩ ቆሟል፤ ዓይኑ ውሃ ያዘለ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ከጆሮው ደም ሥር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ጥቂት ደም ትቀዳላችሁ። ቱቦው በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ቀዩ ደም ወደ ታች ይረጋል፤ ከላይ ውሃማው ይቀራል፤ በመካከላቸው ስስ ነጭ መስመር ይታያል። ቀዩ ከመቶ 24 በታች ከሆነ ከብቱ ደም አንሶታል። ቱቦውን ከነጩ መስመር አጠገብ ሰብራችሁ ጠብታዋን ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጓት፣ በደም ሴሎች መካከል የሚሸረብና የሚወራጭ ክር መሰል ነገር ታያላችሁ፤ ጥገኛው እሱ ነው። ገበሬውን ጠርታችሁ ብታሳዩት ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «መድኃኒቱ አለ?»

መድኃኒቱ አለ። ዲሚናዚንና ኢሶሜታሚዲየም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲወጉ ኖረዋል። ጥገኛው ግን ጊቤ ላይ ሁለቱንም ለምዷቸዋል። ዛሬ የተወጋ በሬ ነገ ተመልሶ ዝንቧ ወዳለችበት ጫካ ይሄዳል፤ እንደገና ይታመማል፤ ገበሬው እንደገና ይከፍላል። በጊቤ ተመራማሪዎች ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ፀረ ተባይ ነክረው በየጫካው አቆሙ፤ የከብት ሽንት በጠርሙስ አድርገው ለማባበያ አንጠለጠሉ። ዝንቧ በእርግጥ ቀነሰች። ጨርቁ ግን ይጠፋ ነበር፤ ልብስ በቸገረበት አገር ጠንካራ ሰማያዊ ጨርቅ ዛፍ ሥር ቆሞ አያድርም። ገበሬው ላይ አልፈርድም። የነገርኳችሁ፣ የተደላደለን ተባይ መቆጣጠር ማለቂያ የሌለው ሥራ እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነው። እናንተ ከዚህ ማለቂያ ከሌለው ሥራ ነው ያዳናችሁን።

እዚህ ላይ ሌላ ዕዳ አለብን። በሜክሲኮ አደባባይ ላይ የሚያልፈው የቀላል ባቡር ሰማያዊ መስመር መጨረሻው ቃሊቲ ነው። ቃሊቲ ውስጥ መንግሥታችን ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር ሆኖ ያቋቋመው የቆላ ዝንብ ማርቢያ አለ። ፕሮጀክቱ በ1997 ተጀመረ፤ ማርቢያው በ2007 ተመረቀ። ዓላማው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ፣ በወላይታና በጋሞ ጎፋ ቆላዎች፣ 25 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ምድር ላይ መካን ወንዶችን መልቀቅ ነበር። ዘዴው የእናንተው ዘዴ ነው። ልዩነቱ ዝንቧ ናት። የእናንተዋ በአንድ ጊዜ መቶዎች ስትጥል፣ የቆላ ዝንብ ግን አንዲት ትል በማሕፀኗ አሳድጋ የምትወልደው በዘጠኝና በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ነው። እሷን ማርባት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቄራ የሚሰበሰብ የከብት ደም በጨረር ከተሕዋስ ይጸዳል፤ ይሞቃል፤ እንደ ቆዳ በተሠራ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ሥር ይዘረጋል፤ ዝንቦቹ በሽፋኑ ውስጥ ወግተው ይመጥጣሉ። ደሙ ከተበላሸ፣ መብራት ከጠፋ፣ የክፍሉ ሙቀት ከተዛባ፣ የወራት ልፋት በአንድ ሌሊት ይሄዳል። የቆላ ዝንብን በዚህ ዘዴ ማጥፋት በአፍሪካ እንደሚቻል የታየው በዛንዚባር፣ በኡንጉጃ ደሴት ነው። ከሴፕቴምበር 1996 ወዲህ እዚያ የቆላ ዝንብ አልተገኘችም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ በግል ሳይሆን በአደባባይ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ዘዴውን ያፈለቁት ኤድዋርድ ኒፕሊንግና ሬይመንድ ቡሽላንድ የተባሉ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ናቸው። ኒፕሊንግ ሐሳቡን ያመጣው በ1930ዎቹ ነው፤ በኩራሳዎ ደሴት ተሞክሮ የሠራው በ1954። በመካከሉ ወደ ሃያ ዓመት አለ። የዝንብ ግንኙነት ለማጥናት የመንግሥት ገንዘብ ይወጣል ወይ ብሎ የሳቀ ብዙ ነበር። ጥናቱ የፈጀው ወደ 250 ሺህ ዶላር እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ፍሎሪዳ፣ ከዚያ ቴክሳስ፣ ከዚያ እናንተ፣ ከዚያ ሊቢያ። ሁለቱ ሰዎች በ1992 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ይህን ሥራ ነጋዴ ሊከፍልበት አይችልም። መድኃኒት የሚሸጥ ድርጅት ገበያው የሚቀጥለው በሽታው እስካለ ድረስ ነው፤ ዲሚናዚን ዛሬም ይሸጣል፣ ነገም ይሸጣል። ዝንብን ከምድር የሚያጠፋ ሰው ግን ሥራውን ሲጨርስ ደንበኛ የለውም። የዳነው ገበሬም መዳኑን ስለማያውቅ ሂሳብ ሊጠየቅ አይችልም። መክፈል የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፤ ያውም ጥቅሙ ከራሱ ዘመን እንደሚያልፍ እያወቀ። ይህን በማድረጋቸው የሜክሲኮንና የአሜሪካን መንግሥታት፣ ለሊቢያው ዘመቻም ያዋጡትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ለቃሊቲ በጀት የመደበውን የራሴን መንግሥትም አመሰግናለሁ። ሆስፒታልና መንገድ በሚለመንበት አገር ለዝንብ ማርቢያ ገንዘብ መፍቀድ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ትክክለኛ ውሳኔ ግን ነበር።

የእናንተ ማምረቻ ሥራውን ለፓናማ አስረክቦ መዘጋቱን ሳነብ አዘንኩ። ዝንቧ ከአገራችሁ በ1991 ጠፍታለች፤ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ከ2023 ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ በኩል ተመልሳ ወጣች። በኖቬምበር 2024 የተገኘችውም በራሳችሁ ግዛት፣ በቺያፓስ ነው። አሜሪካ እዚያው ቺያፓስ ውስጥ ሜታፓ ያለውን ማምረቻ ለስክሪውወርም ለማደስ 21 ሚሊዮን ዶላር መድባለች፤ ቴክሳስ ውስጥ አዲስ ለመሥራት 750 ሚሊዮን፣ ለአዳዲስ ምርምር እስከ 100 ሚሊዮን እንደምታወጣ በ2025 አስታውቃለች። መመደቡ ደስ ያሰኛል። እኔ የምመኘው ዝንብ በማይታይበት ዓመትም እንዲመደብ ነው፤ በቺያፓስም፣ በቃሊቲም።

ስለ ሰፈራችን ስምም አንድ ነገር ልጨምር። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን፣ ብዙ መንግሥታት ወረራውን ሲያጸድቁ አንቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ ሜክሲኮ ናት። በጄኔቫ የእናንተ ልዑክ ኢሲድሮ ፋቤላ ለእኛ ቆሞ ተናግሯል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 አገራችሁን ጎበኙ፤ እናንተም በዋና ከተማችሁ ለአንድ አደባባይ ኢትዮጵያ የሚል ስም ሰጣችሁ። በ1980 በምድር ውስጥ ባቡራችሁ ላይ የተከፈተው የኢትዮጵያ ጣቢያ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ይህን ታሪክ እኛ ሰፈር ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፤ ትምህርት ቤትም ይነገራል። የ1990ውን ግን አያውቁትም። ለእኔ ሁለቱ የአንድ ወዳጅ ሥራ ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ቃል ሰጣችሁን፤ በሁለተኛው ጊዜ ሳንጠይቃችሁ ከብታችንን ጠበቃችሁልን።

ከመካከላችሁ ዛሬ በሕይወት ያላችሁ፣ ጡረታ ላይ ሆናችሁ የምታነቡት ካላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሜታፓ የሚገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ስክሪውወርም አገራቸው ውስጥ በሌለችበት ዘመን የተወለዱ ናቸው። ትሉ ሲጠግብ ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝ፣ ሙሽሬው በስንተኛው ቀን ጨረር ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ ሽታው ሲለወጥ ምን እንደተበላሸ፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሄዳችሁ አሳዩዋቸው። የቃሊቲ ልጆች ቢጽፉላችሁም መልሱላቸው፤ ዝንቧ ብትለይም ጭንቀቱ አንድ ነው።



ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማርቢያ ባለሙያዎች
የምርምር በጀት ለሚያጸድቁ የሕዝብ ተወካዮች